ጠዋት እምቢ ያለው ማርሽ

ከአቃቂ ድልድይ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሳዲቅ ሱቅ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ሁለት ሰው አትይዝም፤ ብትይዝም ጉተማ ሁለተኛ ሰው አያስገባባትም። ብስክሌት የሚጠግነው ደጅ ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው። ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሏል፤ አመሉ ደግሞ ከትከሻው የባሰ ጠማማ ነው። ሰላም ሲሉት «እህ» ይላል። ቶሎ በል ያለውን ሰው ብስክሌቱን ብድግ አድርጎ አስፋልት ዳር ያቆምለትና ጀርባውን ይሰጠዋል።

ይህን ሁሉ አመል ይዞ ደንበኛ ያላጣው የፊት ማርሽ ስለሚያውቅ ነው። የኋላውን ማርሽማ ማንም ይነካካዋል። የፊቱ ግን ጣጣ አለው። ሌሎቹ ጠጋኞች ሲያስቸግራቸው ካቴናውን የሚገፋውን ብረት በሽቦ ጥፍር አድርገው አንድ ቦታ ያስሩትና «በዚሁ ንዳው፣ ምን ያደርግልሃል» ብለው ይሸኛሉ። ጉተማ እንዲህ የታሰረ ብስክሌት ሲያይ ደሙ ይፈላል። እስሩን በፒንሳ ይቆርጥና ባለቤቱን አጠገቡ አስቀምጦ ትምህርቱን ይጀምራል።

«ተመልከት» ይላል በካቻቢቴው እየጠቆመ። «ሁለት ብሎን ናት። ይቺ ካቴናው ወደ ውስጥ አልፎ እንዳይወድቅ ትጠብቃለች፣ ይቺ ደግሞ ወደ ውጭ። ሩብ ዙር ናት ልዩነቷ። በዚች ሩብ ዙር የሰው ሕይወት ይበላሻል። አጥናፉ የሚባል ሰው ነበር...»

ከዚህ በኋላ ያለውን ከአቃቂ እስከ ሳሪስ አቦ ብስክሌት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ሳዲቅማ ስኳር እየመዘነ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ አንዲት ቃል አትዛነፍበትም።

በ1979 ዓ.ም. ጉተማ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነበር። በአካባቢው ካሉት የክር ፋብሪካዎች በአንዱ ይሠራል፣ ለፋብሪካው ክለብም ብስክሌት ይወዳደራል። ዳገት ላይ የሚደርስበት አልነበረም። በኅዳር ወር አንድ እሁድ ለብሔራዊ ቡድን መምረጫ ውድድር ተዘጋጀ፤ የተመረጠ ውጭ አገር ሄዶ ይወዳደራል። የክለቡን ብስክሌቶች የሚጠግነው አጥናፉ ነበር፤ ከጉተማ በሰባት ዓመት ይበልጣል፣ የልብ ወዳጁም ነበር። ዋዜማውን የጉተማን ማርሽ አስተካክሎ በእጁ አስረከበው።

ውድድሩ ከድልድዩ ማለዳ ላይ ተነሣ። ሜዳውን በትልቁ ማርሽ ሲያስነካው ቆይቶ ዳገቱ ሲጀምር ጉተማ ወደ ትንሹ ሊያወርድ የማርሹን ማንሻ ለቀቃት። ማርሹ እምቢ አለ። ደገመ፣ እምቢ አለ። በትልቁ ማርሽ ዳገት መውጣት ማለት ድንጋይ መግፋት ነው፤ እግሩ ዛለ፣ ከኋላው የነበሩት አንድ በአንድ አለፉት። ካለፉት አንዱ የአጥናፉ ሚስት ወንድም ፈቀደ ነበር። ጉተማ በንዴት ካቴናውን የሚገፋውን ብረት በተረከዙ መታው። ካቴናው ወጣ፣ ፔዳሉ ባዶውን ዞረ፣ ጉተማም በግራ ትከሻው አስፋልቱ ላይ ተከሰከሰ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጠሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ተወዳድሮ አያውቅም። ፈቀደ ተመረጠ።

ጉተማ ወሬውን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። «ቀትር ላይ ኃላፊዎቹ ተሰብስበው ብስክሌቱን ሞከሩት። ማርሹ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ምንም አልሆነም። እስቲ ንገረኝ፣ ጠዋት እምቢ ያለ ማርሽ ማንም ሳይነካው ቀትር ላይ እንዴት ይታዘዛል?» ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ጉተማ ራሱ መልሱን ይሰጣል። አጥናፉ ለአማቹ ሲል ብሎኗን ከልክ በላይ አጥብቆ፣ በግርግሩ መሐል መልሶ አላላት። ፋብሪካው ስብሰባ ጠርቶ ሲጠይቀውም አልተከራከረም፣ አልማለም። «ብሎኗን ተሳስቼ ከልክ በላይ አጥብቄ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ያምን ነበር?

አጥናፉ ከጥገና ክፍል ተነሥቶ ጥጥ ማራገፊያ ተመደበ። ጉተማ ደግሞ ቂሙን ይዞ ቤቱ ገባ። ብስክሌት ጥገና የተማረው በቂም ነው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሠራበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰፈር እየኖሩ አጥናፉን አንድ ቃል አላናገረውም። በአንድ በኩል ሲመጣ ካየው ወደ ሌላው ይሻገራል። እናቱ ከውሲ በ2005 ስታርፍ አጥናፉ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። ጉተማ ሰው ሁሉ እያየ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ውጣልኝ» አለው። አጥናፉ ሳይቀመጥ ከድንኳኑ ወጣ። የእድሩ ሽማግሌዎች ተቆጡ። ጉተማ ግን ይህንንም እንደ ጀግንነት ጨምሮ ያወራዋል።

እንግዲህ በዚህ ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢፍቱ የምትባል ልጅ ብስክሌቷን እየነዳች መጣች። ቂሊንጦ ልብስ መስፊያ ውስጥ ትሠራለች። የሠራተኛ አውቶቡስ እነሱ ሰፈር ድረስ ስለማይገባ ሳሪስ ሄዳ ያገለገለ ብስክሌት ገዝታለች፤ ከገዛችው ሁለት ሳምንት አልሞላውም።

«ጋሽ ጉተማ፣ የፊቱ ማርሽ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይለኛል። ትልቁ ላይ ይቀርና አይወርድልኝም።»

ጉተማ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ፔዳሉን አዞረ፣ ማንሻዋን ነካ። ወጣ፣ ወረደ። «ይኸው። ምኑ ነው እምቢ ያለው?»

«አሁንማ ይሠራል። ጠዋት ነው እንጂ።»

«ብረት ጠዋትና ከሰዓት አያውቅም፣ ልጄ። አነዳዱን ያላወቅሽው አንቺ ነሽ።»

ምንም አላገኘም ማለት ስላልወደደ ግን ካቻቢቴውን አንሥቶ አንደኛዋን ብሎን ትንሽ ነካ አደረጋት። ከዚያ «አጥናፉ የሚባል ሰው ነበር» ብሎ ጀመረ። ቢፍቱ ገና አልሰማችውም ነበርና አፏን ከፍታ አዳመጠች። ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ጋሽዬ፣ ግን ለብቻው አግኝተው ምን ሆኖ እንደሆነ ጠይቀውት አያውቁም?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ራሱ አምኗል እኮ!» አለና ፊቱን አዞረ። ልጅቷ ጥፋት የሠራች መስሏት አመስግናው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ቢፍቱ ብስክሌቷን እየገፋች ተመለሰች። የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፣ ደም ወደ ካልሲዋ ወርዷል።

«ጠዋት ነው አላልኩዎትም?» አለችው። «ዳገቱ ላይ ጣለኝ። ከኋላዬ ገልባጭ መኪና ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ባይዝልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። አነዳድ አታውቂም አሉኝ፣ እሺ ብዬ ሄድኩ።»

ልጅቷ ሥራ እንዳይረፍድባት ብስክሌቱን ጥላለት ሚኒባስ ተሳፈረች። ጉተማም ብስክሌቱን ገልብጦ አቆመና ማንሻዋን ነካ። እውነትዋን ነው። ማንሻዋ ትለቃለች፣ ካቴናውን የሚገፋው ብረት ግን ትልቁ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ስፕሪንጉ ሊመልሰው ቢታገልም አቅም ያጥረዋል። ብሎኖቹን አየ፣ ደህና ናቸው። ብረቱ ተጣሞ እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰው፣ አልተጣመመም። በሥራው አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጠጋኝ አንድ የፊት ማርሽ አሸነፈው። ተናድዶ ሁሉንም እንደተገለበጠ ትቶት ሳዲቅ ሱቅ ደጃፍ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ሲመለስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ፀሐይዋ ብስክሌቱን ሙሉ ለሙሉ አግኝታዋለች። እስቲ ደግሞ ብሎ ማንሻዋን ነካት።

ጠቅ አለ። ካቴናው ወደ ትንሹ ማርሽ ወረደ።

ጉተማ ወደ ሱቁ ዞረ። «ሳዲቅ! ይህን ብስክሌት ማን ነካው?»

«ማንም አልነካው። እዚሁ አይደለሁ እንዴ?» አለ ሳዲቅ ከሱቁ።

ማንም አልነካውም። ጠዋት እምቢ ያለው ማርሽ ማንም ሳይነካው ታዘዘ። ጉተማ ዱካውን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰውን ሁሉ ያፋጠጠበት ጥያቄ መጥቶ ደጁ ላይ ተገልብጦ ቆሟል።

ማንሻዋን ከማርሹ የሚያገናኘውን ሽቦ የያዘችውን ብሎን ፈታና ሽቦውን ከቱቦው ውስጥ ቀስ ብሎ መዘዘው። እጁ ላይ አንድ ቢጫ ነገር ተለቀለቀበት፤ አቧራ ጠጥቶ ዳር ዳሩ ጠቁሯል። ግራሶ አይደለም። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቅቤ ነው።

ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ኖሮ ስቆ በቤንዚን አጥቦ ያልፈው ነበር። ጉተማ ግን የዚህ አገር ገበሬ ልጅ ነው። በነሱ ሰፈር አዲስ ነገር ቤት ሲገባ፣ ጥጃ ሲወለድ፣ ልጅ ለትልቅ ጉዳይ ሲነሣ እናቶች ቅቤ ቀብተው ይመርቃሉ። የቢፍቱ እናት ልጇን ሥራ አድርሶ የሚመልሰውን ብስክሌት ብትቀባ ምን ይገርማል? ቅቤው በቀን ሙቀት ቀልጦ ሽቦውን ተከትሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ በኅዳር ብርድ ይረጋና ሽቦውን አንቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይለቀዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ጉተማ ግን ያን ሰዓት ስለ ቢፍቱ እናት እያሰበ አልነበረም።

ያኔ በ1979፣ በውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ አመሻሽ፣ አጥናፉ ብስክሌቱን ሲያስረክበው «ከዚህ በኋላ ምንም እንዳታደርግበት። ዘይት እንኳ እንዳትጨምር። ከነካኸው ንገረኝ፣ አየዋለሁ» ብሎት ነበር። ቤቱ ሲደርስ እናቱ ከውሲ ለጋ ቅቤ በመዳፏ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው። አናቱን ቀባችው። ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ዞረች፤ መሪውን፣ ማንሻዋን፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቀባች። «ልጄን የምትሸከም አንተ ነህ» እያለች እንደ ሰው አናገረችው፣ በሰላም ሂድ በሰላም ግባ ብላ መረቀችው። ቅቤውን አልሰሰተችም። ብስክሌቱም እሳት አጠገብ አደረ።

ጉተማ ምርቃቱን ወዶታል። የክለቡን ልጆች ግን ፈራ። ያኔም ቢሆን «የባላገር ልጅ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ስለዚህ እናቱ ዞር ስትልለት ጨርቅ አንሥቶ ከላይ ከላዩ ወለወለው። ለአጥናፉ አልነገረውም። ቢነግረው አጥናፉ በአምስት ደቂቃ አጥቦ ይሰጠው ነበር።

አሁን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቅቤው ለጉተማ ያን ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝ አለው ማለት አይቻልም። ትከሻው ታስሮ በተኛበት ሰሞን አንድ ጊዜ ውልብ ብሎበት ነበር። እናቱ አጥሚት ይዛ ስትገባ እጇን አይቶ አንድ ነገር ልቡን ጫር አድርጎት አለፈ። ወዲያው አባረረው። የአጥናፉ ክፋት ይሻለው ነበር፤ ክፉ ሰው ላይ ማኩረፍ ይቻላላ። እናቱንና ራሱን ግን በየት በኩል ያኩርፋቸው? እንዲህ አድርጎ ነው የወዳጁን ሕይወት ጥጥ ውስጥ የቀበረው፣ ከዚያም አልፎ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በክፉ ስሙን ሲያነሣው የኖረው።

ሽቦውን በፌስታል ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሳዲቅን «ዕቃዬን እያት» ብሎት ገላን ኮንዶሚኒየም ሄደ። አጥናፉ እዚያ ልጁ ጋ እንደሚኖር ያውቃል፤ ሰው የሚሸሸውን ሰው አድራሻ ጠንቅቆ ያውቃል። ሕንፃው የቆመበት መሬት የጉተማ አባት ጤፍ ሲያጭዱበት የኖሩበት ነው። ሌላ ጊዜ በዚያ ሲያልፍ ጥርሱን ይነክስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ትዝም አላለው። አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ያቆመው ድካም አልነበረም።

በሩን የከፈተችው የአጥናፉ ልጅ አሰጋሽ ናት። አየችው። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «እርስዎ ጋሽ ጉተማ አይደሉም?»

«ነኝ። አባትሽን ፈልጌ ነው።»

አሰጋሽ በሩን እንደያዘች ቆመች። ልትዘጋበት የፈለገች ትመስላለች፤ ብትዘጋበትም አይፈርድባትም ነበር። ከውስጥ ረጅም ሳል ተሰማ፣ ከዚያ ድምፅ። «ማን ነው? አስገቢው።»

አጥናፉ መስኮቱ ሥር በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያ አንድ ብስክሌት በአንድ እጁ ብድግ የሚያደርግ ሰውዬ አልቆ አጥንት ብቻ ሆኗል። በየትንፋሹ ደረቱ ሲር ይላል። ሃያ ዓመት የሳበው የጥጥ ብናኝ ነው፤ ሐኪም እንዲህ ብሎ ነግሮታል።

«አጥኔ» አለ ጉተማ። ያኔ የሚጠራው እንዲህ ነበር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱንም አስደነገጠው። ሌላ የሚለው ስላጣ ፌስታሉን አወጣና ሽቦውን ሰጠው።

አጥናፉ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ፊቱ ላይ ምንም አዲስ ነገር አልታየበትም። «ቅቤ» አለ።

«ቅቤ ነው።»

«የማን ነው?»

«የአንዲት ልጅ ነው። እናቷ ቀብታላት። ጠዋት እምቢ ይላል፣ ፀሐይ ሲመታው ይታዘዛል።» ጉተማ ወደ ትራሱ ጠጋ አለ። «አጥኔ፣ ታውቅ ነበር?»

«ያኑ ዕለት አውቄዋለሁ። አንተን ሐኪም ቤት ሲወስዱህ ብስክሌቱን ከአስፋልት ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሽቦውን ስይዘው እጄ ላይ ረግቶ ተለጠፈ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም?»

«ልናገር ነው የተነሣሁት።» አጥናፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። «እናትህ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ልጅዎን የሰበረው የመረቁት ቅቤ ነው ብዬ ፊታቸው ልናገር? አቃተኝ። ብሎን ነው አልኩ። ደመወዝ ይቀጡኛል፣ ያልፋል ብዬ ነበር። ጥጥ ያሸክሙኛል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከዚያ በኋላስ? ለኔ ለብቻዬ ብትነግረኝ ምናለበት?»

አጥናፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ቀና አድርጎ አየው። «መቼ አናገርከኝ?»

ጉተማ አንገቱን ደፋ።

«ተኝተህ ሳለህ መጣሁ፣ አልፈልግም አልክ። ከፋብሪካ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኩህ፣ ምራቅህን ተፍተህ አለፍክ። ከዚያ ተውኩህ። እናትህ ሲያርፉ ደግሞ፣ አሁንማ እሳቸውን የሚጎዳ የለም፣ ለቅሶዬን ደርሼ ጠጋ ብዬ ብነግረው ብዬ መጣሁ። እንዳስወጣኸኝ ታስታውሳለህ?»

ጉተማ ያስታውሳል። በየቀኑ ሲያወራው እንዴት አያስታውስ! መሬት ላይ ተንበረከከና የአጥናፉን ጉልበት ያዘ። «ይቅር በለኝ። አጥኔ፣ በእናቴ ነፍስ፣ ይቅር በለኝ።»

አጥናፉ አላነሣውም። ሳሉ መጥቶበት ነበርና እስኪያልፍለት ጠበቀ። «ሚራክልን ታውቃታለህ?» አለ በመጨረሻ።

«አላውቃትም።»

«የአሰጋሽ ልጅ ናት፣ የልጅ ልጄ። አምና ብስክሌቷን አንተ ጋ አምጥታ ነበር። የፊት ማርሽ። አይቼዋለሁ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የሠራህላት።» እጁን ሽቦው ላይ አንሸራተተ። «ቤት መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አያዬ፣ አጥናፉ የሚባል ክፉ ሰው ነበር አሉኝ። ጓደኛውን በብሎን የጣለ። ስሙ ካንተ ጋር አንድ ነው› አለችኝ።»

ጉተማ ጉልበቱን እንደያዘ ነው። «ምን አልካት?»

«ስም ይመሳሰላል አልኳት።»

አሰጋሽ ከኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ቀሎህ ትሄዳለህ» አለ አጥናፉ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ለጉተማ ይሻለው ነበር። «እኔ ደግሞ እዚሁ መስኮት ሥር እቀራለሁ። አልልህም፣ ጉተማ። አንተ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይዘህብኝ ኖረሃል፣ እኔ ለቀረችኝ ጥቂት ጊዜ ብይዝብህ አይበዛብህም። ተነሥ። ሽቦውን ይዘህ ሂድ። ልጅቷ ነገ ሥራ አላት።»

አሰጋሽ እስከ ደረጃው ሸኘችው።

በማግስቱ ማለዳ ብስክሌቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ጉተማ አዲስ ሽቦና አዲስ ቱቦ አስገብቶበታል፣ ማንሻዋን በነጭ ጋዝ አጥቧታል፣ ከዚያም በስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ አድርጎባታል። ቢፍቱ የመጣችው ከእናቷ ጋር ነው። አደሴ ትባላለች፤ የልጇ ጉልበት ስላስደነገጣት ጠጋኙን ራሷ ልታየው ፈልጋ ነበር የመጣችው።

«ምን ሆኖ ነው ጋሽ ጉተማ? ልጄን ሊገድልብኝ እኮ ነበር!»

ጉተማ ሴትዮዋን አያት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ብሎን ነው ቢላት ቀላል ነበር፤ አጥናፉም ያኔ ለእናቱ ሲል እንዲያ ብሎ ነበር። ነገር ግን ነገም ትቀባዋለች፣ ከነገ ወዲያም ቢፍቱ ዳገቱ ላይ ናት።

«እህቴ፣ ቅቤ ቀብተሽው ነበር?»

«አዎን፣ የመጣ ዕለት መርቄዋለሁ። ምነው?»

«ቅቤው ሽቦው ውስጥ ገብቶ በብርድ ይረጋል። ማርሹን የያዘው እሱ ነው። ምርቃትሽን ለልጅቷ አናት አድርጊው፤ ለብረቱ ዘይት ይበቃዋል።»

አደሴ ክው አለች። ልጇን አየች፣ ብስክሌቱን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ፈነዳች። «ውይ! እኔ ነኛ! እኔው ነኛ ለካ!» ቢፍቱም ጉልበቷን እየያዘች ሳቀች። «እማዬ፣ ሼም ነው እኮ፣ ለፋብሪካ ልጆች ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» እናት ልጇን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት፣ ልጅቷ እናቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት፣ ነገሩም አለቀ።

በቃ፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጉተማ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆሞ ያያቸው ነበር። መሳቅ አልቻለም።

አደሴ ዓይኗን እየጠረገች ወደ እሱ ዞረች። «ለመሆኑ በዚህ ምክንያት ሰው ተጎድቶ ያውቃል?»

«አንድ ሰው።»

«ማን?»

ሳዲቅ ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ጥያቄውን ሰምቷል። የሚመጣውን ስለሚያውቅ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«አጥናፉ የሚባል ሰው አለ» አለ ጉተማ። «ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። እጁ ያረፈበት ማርሽ እምቢ ብሎ አያውቅም። የጎዳሁት እኔ ነኝ።»

ሳዲቅ የስኳሩን ማንኪያ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።